ርችት በሚተኮስባቸው የበዓል ሌሊቶች የቤት እንስሳትን ከድንጋጤና ከአደጋ መጠበቅ

በሀገራችን ርችት በብዛት የሚተኮሰው በዓላት በሚከበሩባቸው ምሽቶች ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ በቡሄ ሰሞን የጅራፍ ጩኸት ይጀምራል። ጳጉሜን ተጠናቆ መስከረም 1 ቀን ሲጠባ፣ በተለይም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ፣ በከተሞች ርችቱ ይበዛል። መስከረም 16 ቀን ደመራ በሚለኮስበት ምሽትና በገና ዋዜማም ተመሳሳይ ድምፅ ይሰማል። ለሰው ይህ ሁሉ የደስታ ምልክት ነው። ውሻ፣ ድመት፣ በግ፣ ፈረስና ዶሮ ግን በዓል መሆኑን አያውቁም፤ ለእነርሱ ድንገት የሚፈነዳ ድምፅና ሰማይ ላይ የሚበራ እሳት የአደጋ ምልክት ነው።

የአንድ ሌሊት ድንጋጤ የእንስሳው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የደነገጠ ውሻ ሰንሰለቱን በጥሶ ወይም አጥር ዘሎ ይወጣል፤ በመኪና ሊገጭ፣ ጠፍቶ ሊቀር፣ በመንገድ ያገኘውን ሕፃን ሊነክስ ወይም በእብድ ውሻ በሽታ በተያዘ ሌላ እንስሳ ሊነከስ ይችላል። በዓሉን ለማክበር የተገዛ በግ ገመዱን በጥሶ ወደ አስፋልት ሊሮጥ፣ በጋሪ የተጠመደ ፈረስም ሰው ላይ ሊወጣ ይችላል። ከእነዚህ አደጋዎች አብዛኞቹን አስቀድሞ በሚደረግ ቀላልና ብዙ ወጪ በማይጠይቅ ዝግጅት መከላከል ይቻላል። ይህ ጽሑፍ ዝግጅቱ ምን እንደሆነ፣ መቼ መጀመር እንዳለበት፣ ጉዳት ከደረሰም ምን መደረግ እንደሚገባው ያብራራል።

እንስሳት ርችትን ለምን ይፈራሉ?

የመጀመሪያው ምክንያት የመስማት ችሎታቸው ነው። ሰው ሊሰማ የሚችለው ከፍተኛ የድምፅ ድግግሞሽ 20,000 ሄርዝ ገደማ ሲሆን፣ ውሻ እስከ 45,000፣ ድመት ደግሞ እስከ 64,000 ሄርዝ ገደማ የሚደርስ ድምፅ ይሰማሉ። የሰው የተለመደ ንግግር 60 ዴሲቤል ያህል ነው፤ በቅርብ ርቀት የሚፈነዳ ርችት ግን ከ120 ዴሲቤል ሊበልጥ ይችላል። ለእኛ ጆሮ የሚከብድ ድምፅ ለእነርሱ የበለጠ ይከብዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ድንገተኛነቱ ነው። ነጎድጓድ ከመምጣቱ በፊት ሰማዩ ይጠቁራል፣ ነፋሱ ይለወጣል፤ እንስሳት ይህንን አስቀድመው ይረዱታል። ርችት ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈነዳል፣ ለጥቂት ጊዜ ይቆማል፣ እንደገናም ከሌላ አቅጣጫ ይጀምራል። እንስሳው ድምፁ ከየት እንደሚመጣና መቼ እንደሚያበቃ ሊገምት ስለማይችል የሚሸሽበትን አቅጣጫ ያጣል። የባሩድ ሽታና ብልጭታውም ጭንቀቱን ያባብሳሉ። በቆርቆሮ ክዳን ቤቶች ውስጥ ደግሞ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ስለሚያስተጋባ ውጤቱ የከፋ ይሆናል።

ሁሉም እንስሳት እኩል አይፈሩም። በልጅነታቸው የተለያየ ድምፅ ያልለመዱ፣ ቀደም ሲል በርችት የተጎዱ፣ ያረጁ፣ የታመሙና ለቤቱ አዲስ የሆኑ እንስሳት ይበልጥ ይደነግጣሉ። ካልታገዙ ፍርሃቱ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ሊሄድ ስለሚችል «ይለምደዋል» ብሎ መተው አይገባም።

የፍርሃት ምልክቶች

ውሻ ሲፈራ ይንቀጠቀጣል፣ ሳይሮጥ ያለከልካል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ጭራውን በእግሮቹ መካከል ይሸጉጣል፣ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ያጥፋል። አንዳንዱ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ይንጎራደዳል፣ በር ይቧጭራል፣ ያላዝናል። ሌላው ድምፁን አጥፍቶ አልጋ ሥር ይደበቃል፣ የሚወደውን ምግብ እንኳ አይቀምስም። በቤት ውስጥ መሽናቱም የፍርሃት ምልክት ሊሆን ይችላል። ድመት አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብላ ትሰወራለች፤ የዓይኗ ብሌን ይሰፋል፣ ጠጉሯ ይቆማል፣ ልትነካ ስትቀርብ ትነፋለች። ፈረስና አህያ ጆሯቸውን ያቆማሉ፣ ያልባቸዋል፣ በበረት ውስጥ ይዞራሉ ወይም ይራገጣሉ።

ጸጥ ያለ እንስሳ ሁሉ የተረጋጋ አይደለም። በአንድ ጥግ ተኮራምቶ የማይንቀሳቀስ ውሻ ከሚጮኸው ባልተናነሰ ሁኔታ ሊጨነቅ ስለሚችል ባለቤቱ ልዩ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።

ከበዓሉ ሳምንታት አስቀድሞ የሚደረግ ዝግጅት

1. የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ውሻዎና ድመትዎ የተከተቡ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ቡችሎች የመጀመሪያውን ክትባት በአብዛኛው 3 ወር ሲሞላቸው ይወስዳሉ፤ ክትባቱ የሚደገምበትንም ጊዜ የእንስሳት ሐኪሙ ይነግርዎታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ እንስሳ አስተማማኝ መከላከያ ለማዳበር ከ3 እስከ 4 ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል። በመሆኑም ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ሰሞን የሚደርስ መከላከያ እንዲኖረው ክትባቱን እስከ ነሐሴ መግቢያ ድረስ ማስከተብ ይመረጣል። የክትባት ካርዱን በጥንቃቄ ያስቀምጡ፤ ውሻው ሰው ቢነክስ በቅድሚያ የሚጠየቀው ይህ ማስረጃ ነው።

2. መለያ። በአንገት ማሰሪያው ላይ የባለቤቱ ስልክ ቁጥር በማይለቅ ቀለም ይጻፍ ወይም ቁጥሩ የተቀረጸበት ትንሽ ብረት ይንጠልጠል። ማሰሪያው ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ ከዚህ ከላላ ውሻው ሲደነግጥ አንገቱን አውጥቶ ይሄዳል፣ ከጠበቀም ያንቀዋል። የፊቱንና የጎኑን፣ እንዲሁም የተለየ ምልክት ካለው የምልክቱን ፎቶግራፍ በስልክዎ ይያዙ።

3. አጥርና በር። በአጥሩ ሥር የተቆፈረ ቀዳዳ፣ የላላ ቆርቆሮ፣ በደንብ የማይዘጋ በር ካለ ይጠገን። በሌላ ጊዜ የማይሞከር ቀዳዳ በፍርሃት ሰዓት መውጫ ይሆናል።

4. ድምፅ ማለማመድ። የርችት ድምፅ ቅጂ በስልክ ወይም በቴፕ እጅግ በዝቅተኛ ድምፅ እያሰሙ ውሻውን የሚወደውን ምግብ ያብሉት ወይም ያጫውቱት። በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በቂ ነው። እንስሳው ምንም የፍርሃት ምልክት ካላሳየ በቀጣዮቹ ቀናት ድምፁን በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ያድርጉ፤ ምልክት ካሳየ ወደቀደመው ዝቅተኛ ድምፅ ይመለሱ። ይህ ሥራ ሳምንታት ስለሚወስድ ለእንቁጣጣሽ ከሆነ ከሰኔ ወይም ከሐምሌ መጀመር ይኖርበታል። በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው በችኮላ መጀመር ግን ፍርሃቱን ሊያባብስ ስለሚችል አይመከርም።

5. መሸሸጊያ ቦታ። ከመንገድ ራቅ ያለ፣ መስኮቱ ያነሰ አንድ ክፍል ይምረጡ፤ ዕቃ ቤት ወይም ሰርቪስ ቤት ሊሆን ይችላል። አሮጌ ብርድ ልብስ፣ የባለቤቱ ሽታ ያለበት ልብስና ንጹሕ ውሃ ያስቀምጡ። እንስሳው ራሱ የመረጠው ጥግ ካለ፣ ለምሳሌ አልጋ ሥር፣ ያንኑ ማመቻቸት ይሻላል። ቦታውን ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት ጥቂት ጥቂት ጊዜ እየገባ፣ በዚያም ምግብ እያገኘ እንዲለምደው ያድርጉ።

በዋዜማው ዕለት

ውሻዎን ወደ ውጭ የሚያወጡት ከሆነ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት አውጥተው ያንቀሳቅሱት፤ የሮጠና የተጸዳዳ ውሻ በቀላሉ ያርፋል። በዚህ ዕለት ማሰሪያውን በጎዳና ላይ አይፍቱለት። የዕለቱን ምግብም ጨለማ ሳይሆን ይስጡት፤ ርችት ከተጀመረ በኋላ ላይበላ ይችላል።

በሀገራችን ብዙ ውሾች ጥበቃ ስለሚያደርጉ ሌሊቱን በግቢ ታስረው ያድራሉ። በርችት ሌሊት ግን በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ለከባድ አደጋ ይጋለጣል፤ ሲደነግጥ ወደ አጥሩ ዘሎ በሰንሰለቱ ሊታነቅ፣ አንገቱን ወይም እግሩን ሊጎዳ ይችላል። «ውሻው ከገባ ቤቱን ማን ይጠብቃል?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። በድንጋጤ የሚንቀጠቀጥ ውሻ ግን ግቢ ሊጠብቅ አይችልም። ለዚያች ሌሊት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይደር። ክፍል የማይገኝ ከሆነ የውሻ ቤቱን በረንዳ ጥግ በማስጠጋት በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፍኑ፤ አየር የሚገባበትን በኩል ግን ክፍት ይተዉ።

ሲመሽ መስኮቶችን ይዝጉ፣ መጋረጃ ይጋርዱ፣ መብራቱን አብርተው ይተዉት፤ በበራ ክፍል ውስጥ የርችት ብልጭታ ብዙም አይታይም። ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን በመካከለኛ ድምፅ ቢከፈት የውጭውን ድንገተኛ ድምፅ ይሸፍናል። እንስሳው ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ግን የከሰል ምድጃ ፈጽሞ አያስቀምጡ። ከከሰል የሚወጣው ጭስ ባይታይም ሰውንም እንስሳንም ይገድላል።

በዓል ሲሆን እንግዳ ይበዛል፤ በሩም ደጋግሞ ይከፈታል። የግቢውን በር የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ሰው ይወሰን። ልጆችም እንስሳው ያለበትን ክፍል እንዳይከፍቱ አስቀድመው ይነገራቸው። ውሻን ወደ ደመራ ወይም ርችት ወደሚተኮስበት አደባባይ ይዞ መሄድ አይገባም።

የበዓል ማዕድንም ይጠንቀቁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ የበሰሉ ቢሆኑም፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚጎዱ ዶሮ ወጥ ማብላት አይገባም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ስለት ይሆንና አንጀት ሊወጋ ይችላል። ከታረደ በግ ወይም በሬ የሚወጣ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ አይሰጥም፤ በውሻ አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፍ የትል በሽታ ሊይዝ ስለሚችል መቀበር አለበት።

ርችቱ በሚተኮስበት ጊዜ

እርስዎ ሲረጋጉ እንስሳውም ይረጋጋል። በተለመደ ድምፅ ያነጋግሩት፣ በተለመደው መንገድ ይንቀሳቀሱ። ወደ እርስዎ ተጠግቶ መደገፍ ከፈለገ አይግፉት፤ ቀስ አድርገው ይዳብሱት። «ካባበሉት ፍርሃቱን ያስተምሩታል» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም፤ ፍርሃት ስሜት እንጂ በሽልማት የሚበረታታ ጠባይ አይደለም። መደበቅ ከፈለገም ይተዉት፤ ከተደበቀበት ጎትቶ ማውጣት፣ መጮህ ወይም መምታት ፍርሃቱን ከማባባሱም በላይ ረጋ ያለውን ውሻ እንኳ እንዲናከስ ሊያደርገው ይችላል። ቤት ያሉ ልጆች የደነገጠን እንስሳ እንዳያቅፉና ፊታቸውን እንዳያስጠጉ ይጠበቁ።

ድመት ከውሻ የተለየ አያያዝ ትፈልጋለች። ቁም ሣጥን ላይ ወይም በባዶ ካርቶን ውስጥ መሸሸግ ትመርጣለች፤ ይህ በራሱ መረጋጊያዋ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ወደ ቤት አስገብተው በርና መስኮት ይዝጉ፤ የምትጸዳዳበት አሸዋ የያዘ ሳህን በአንድ ጥግ ያስቀምጡላት፤ ራሷ እስክትወጣም ይታገሷት።

በግ፣ ፍየል፣ ላም፣ ዶሮና የጋማ ከብት

ለበዓል የተገዛ በግ ወይም ፍየል ለግቢው አዲስ ስለሆነ በቀላሉ ይደነግጣል። ከመንገድ ርቆ፣ በተከለለ ቦታ ይቀመጥ፤ አጭርና ጠንካራ ገመድ ይታሰርለት። ገመዱ ግን አንገቱን የሚያንቅ ሸምቀቆ ሊሆን አይገባም። የእንስሳው መረጋጋት ለባለቤቱም ጥቅም አለው፤ ከመታረዱ በፊት በድንጋጤና በሩጫ የደከመ እንስሳ ሥጋው ጠቆር ያለ፣ ደረቅና ቶሎ የሚበላሽ ሊሆን ይችላል።

የምትታለብ ላም ስትደነግጥ ሰውነቷ የሚያመነጨው የድንጋጤ ንጥረ ነገር ወተቷን እንዳትለቅ ያደርጋል። ስለዚህ የማታው እለባ ርችት ከመጀመሩ በፊት ቢጠናቀቅ ይመረጣል። ያረገዙ እንስሳት በግርግር ተረጋግጠው እንዳይጎዱ ለብቻቸው ይለዩ። ከበረቱ አጠገብ ያለ ጭድ ወይም ድርቆሽ በርችት ፍንጣሪ ሊቃጠል ስለሚችል ይሸፈን፤ በአቅራቢያውም ውሃ ይቀመጥ።

ዶሮዎች ሲደነግጡ ወደ አንድ ጥግ ተሯሩጠው ይደራረባሉ፤ ከሥር ያሉትም ታፍነው ይሞታሉ። ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች በዚያ ሌሊት ደብዛዛ መብራት ቢተዉ፣ የቤቱን ጥጎች በካርቶን ወይም በሽቦ ክብ ቢያደርጉና በርችቱ ሰዓት አንድ ሰው በአቅራቢያ ቢኖር ጉዳቱን መቀነስ ይችላሉ።

ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ሲፈሩ በመጀመሪያ የሚያደርጉት መሸሽ ነው። ስለሆነም በዋዜማው ምሽት ከጋሪና ከጭነት ተፈትተው በለመዱት ቦታ ይደሩ። በበረቱ ውስጥ የወጣ ሚስማር፣ ሽቦና ስለታም ቆርቆሮ ይነሣ። በቂ ድርቆሽ ይቅረብላቸው፤ መመገብ ያረጋጋቸዋል። ከሚለምዱት ጓደኛ እንስሳ ጋር መሆናቸውም ይረዳል። በድንጋጤ የሚራገጥን ፈረስ ለማረጋጋት ወደ ጠባብ በረት መግባት ለሕይወት ያሰጋል፤ ከውጭ ሆነው ያነጋግሩት።

መድኃኒትን በተመለከተ

ፍርሃቱ ከባድ የሆነ፣ ራሱን የሚያቆስል ወይም በር ሰብሮ የሚወጣ ውሻ ያላቸው ባለቤቶች ከበዓሉ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም ብለው የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ። ፍርሃትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ፤ ዓይነቱንና መጠኑን መወሰን የሚችለው ግን ሐኪሙ ብቻ ነው። አንዳንድ መድኃኒቶች እንስሳው እንዳይንቀሳቀስ ያደርጋሉ እንጂ ፍርሃቱን አያስወግዱም፤ እንስሳው እየሰማና እየፈራ መንቀሳቀስ ብቻ ይሳነዋል።

ለሰው የተሠራ መድኃኒት ለእንስሳት አይስጡ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ አይቡፕሮፌን ለውሻም ለድመትም መርዝ ነው። ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራ ወይም አረቄ በማጠጣት ለማስተኛት መሞከርም ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

እንስሳው ቢጎዳ

በርችት የተቃጠለ ቦታን በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያቀዝቅዙ። በረዶ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ዘይት አይቀቡ። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ወደ እንስሳት ሕክምና ይውሰዱት። ያመመው እንስሳ ባለቤቱንም ሊነክስ ስለሚችል የውሻውን አፍ በለስላሳ ጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይሰሩ፤ የሚያስመልሰው ወይም መተንፈስ የተቸገረ ከሆነ ግን አፉ መታሰር የለበትም።

የርችት ቁርጥራጭ ባሩድና ሌሎች መርዛማ ንጥረ ነገሮችን ይይዛል። የበላ እንስሳ ሊያስመልሰው፣ ሊያስቀምጠው፣ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። በራስዎ ለማስመለስ አይሞክሩ፤ የበላውን ቅሪት በላስቲክ ይዘው ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

እንስሳው ቢጠፋ

ፍለጋውን ለነገ አያሳድሩ። ውሻ ደንግጦ ሲሮጥ ሩቅ ሊሄድ ይችላል፤ ድመት ግን ብዙ ጊዜ ከቤቷ ጥቂት ግቢዎች ርቃ ተደብቃ ትቆያለች፤ ሰው ጸጥ ሲል፣ በተለይም ማለዳ፣ ስሟን እየጠሩ ይፈልጓት። ለጎረቤት፣ ለአካባቢው ጥበቃዎችና በአቅራቢያው ላሉ የእንስሳት ክሊኒኮች ይንገሩ፤ ፎቶግራፉንና ስልክዎን ይስጡ። የግቢውን በር አንድ ሰው እየጠበቀ ክፍት ይተዉት፤ ብዙ ውሾች ግርግሩ ሲበርድ ራሳቸው ይመለሳሉ። ውሻውን ካዩት አያባርሩት፤ ዝቅ ብለው በጎን በመቀመጥ በለመደው ስም ይጥሩት።

ባለቤቱን የማያውቁት የደነገጠ ውሻ ካጋጠመዎት አይቅረቡት፣ በድንጋይም አይምቱት። ዓይን ዓይኑን ሳያዩ፣ ሳይሮጡ ቀስ ብለው ይራቁ።

ሰው ቢነከስ

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ ሊድን የማይችል ነው ማለት ይቻላል። ከንክሻ በኋላ ወዲያውኑ እርምጃ ከተወሰደ ግን ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። ስለዚህ ማንኛውም ሰው በውሻ ወይም በድመት ቢነከስ፣ ቢቧጨር ወይም ለሃጭ ቁስሉን ቢነካው፦

• ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ሰዓት ይዩ፤ 15 ደቂቃ ከሚገመተው በላይ ረጅም ነው።
• አልኮል ወይም አዮዲን ካለ ያፍስሱበት። ሚጥሚጣ፣ አመድ፣ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር አይጨምሩበት።
• በዓል ቢሆንም፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የታዘዘውን ክትባት እስከ መጨረሻው ይውሰዱ፤ ማቋረጥ መከላከያውን ያጓድላል።
• የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለው ውሻውን አይግደሉት። ለ10 ቀናት በተዘጋ ቦታ በእንስሳት ሐኪም ክትትል ይቆይ። ጤናማ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን እንዳላስተላለፈ ይታወቃል። ይህን መጠበቅ ግን ተነካሹ ወደ ሕክምና የሚሄድበትን ጊዜ ሊያዘገይ አይገባም።

ሕፃናት ቁጣ ፈርተው ትንሽ ንክሻን ይደብቃሉ። ከበዓሉ በኋላ ልጆችዎን ሳይቆጡ ይጠይቋቸው፤ እጃቸውንና እግራቸውን ይመልከቱ። በዓለም አቀፍ ደረጃ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን የሚታሰበው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 28 ቀን ሲሆን፣ ይህም በአብዛኞቹ ዓመታት መስከረም 18፣ የመስቀል በዓል ማግስት ነው። ቀኑ ዕድሜ ልክ የሚረሳ ትምህርት ሆኖ እንዳይቀር የውሻዎን የክትባት ካርድ በየዓመቱ የሚመለከቱበት ቀን ሊያደርጉት ይችላሉ።

ርችት ለሚተኩሱና ዝግጅት ለሚያሰናዱ

በበዓላት ዋዜማ የጸጥታ አካላት ርችትን በሚመለከት የሚያወጡትን ማሳሰቢያ ማክበር የሁሉም ግዴታ ነው። በተፈቀደበት ቦታ ርችት የሚያስተኩሱ ድርጅቶችና ነዋሪዎች ሰዓቱን አስቀድመው ለጎረቤት ቢያሳውቁ ባለቤቶች እንስሶቻቸውን ለማስገባት ጊዜ ያገኛሉ። ከበረት፣ ከጭድ ክምር፣ ከጋሪ ማቆሚያና ከእንስሳት ሕክምና ቦታ መራቅ ያስፈልጋል። ርችትን ወደ እንስሳ መወርወር ወይም በእንስሳ አካል ላይ ማሰር ጭካኔ ነው፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ከዚህ እንዲከለክሉ ይጠበቃል። በነጋ ጊዜም የተኮሰው ሰው ቁርጥራጩን ሊለቅም ይገባል።

በማግስቱ

ውሻውን ወደ ግቢ ከመልቀቅዎ በፊት ግቢውን ዞረው ይመልከቱ፤ የወደቀ የርችት ቁርጥራጭ፣ ያልፈነዳ ርችትና ያልጠፋ የችቦ ፍም ያንሱ። ያልፈነዳን ርችት በእጅ ከመንካት በፊት ብዙ ውሃ ያፍስሱበት። አጥሩ በሌሊቱ ግርግር አለመከፈቱን ያረጋግጡ። እንስሳው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ቢደክም የተለመደ ነው፤ ከ24 ሰዓት በላይ ካልበላ፣ ከአነከሰ ወይም ዓይኑ ከቀላ ግን ለሐኪም ያሳዩት።

በአጭሩ ሊታወሱ የሚገባቸው

• ክትባት፦ ከበዓሉ ቢያንስ አንድ ወር በፊት።
• የሐኪም ምክር፦ ከበዓሉ 2 ሳምንት በፊት።
• መለያና ፎቶግራፍ፣ የአጥር ጥገና፦ ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት።
• ምግብ፣ እንቅስቃሴና ወደ ቤት ማስገባት፦ በዋዜማው ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት።
• ከንክሻ በኋላ፦ 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም።

ስለ ክትባትም ሆነ ስለ እንስሳዎ ጤና ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልጉ ከሆነ በሚኖሩበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም በአቅራቢያዎ ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ይጠይቁ። በሚሄዱበት ጊዜ የክትባት ካርዱን ይያዙ፤ ውሻውን በማሰሪያ፣ ድመቷን ደግሞ አየር በሚያስገባ ሣጥን ይዘው ይቅረቡ።

መልካም በዓል።